የትኛዋ ልደታ?

‹‹እኛ›› የምንለው አምደኞች እንደሚያደርጉት ራሳችንን ከፍ ለማድረግ ፈልገን እንዳይመስላችሁ፡፡ እውነትም ሁለት ነን፤ ታላቅና ታናሽ እህትማማች፡፡ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ይችን ጽሑፍ የምትጽፈው ታናሿ ናት፡፡ ታላቋ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ከጎን ተቀምጣ ታነባለች፣ ታርማለች፣ አንዳንዴም ‹‹ይሄን አውጪው›› ትላለች፡፡ ያላወጣነው ብዙ ነው፡፡

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፡፡ እሁድ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ደረጃ ስንወርድ ከታች የሚያገኘን ጎረቤት ‹‹የት ልትሄዱ ነው?›› ይለናል፡፡ ‹‹ልደታ›› እንላለን፡፡ ‹‹ታዲያ ምነው ወደ ታክሲ?››

ይችን ጥያቄ ስንመልስ ነው ያደግነው፡፡ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ ከቤታችን በእግር የምትደረስ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ለባሽ የሚያጥለቀልቃት፣ ግንቦት 1 ሲሆንማ ሰፈሩ በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅልላት ልደታ፡፡ የእኛዋ ልደታ ሌላ ናት፡፡ የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን ካቴድራል ስሟ ልደታ ለማርያም ነው፤ የምትገኘው ግን ልደታ ሳይሆን አራዳ ክፍለ ከተማ ነው፡፡ ስለዚህ ልደታ የምንኖር፣ ልደታ የምንሳለም፣ ከልደታ ወደ ልደታ ግን ታክሲ የምንይዝ ሰዎች ነን፡፡

ነገሩ ሁልጊዜ አያስቅም፡፡ አባዬ በ2009 ዓ.ም. ያረፈ ጊዜ የእድራችን ለፋፊ ‹‹ፍትሐቱ ልደታ ነው›› ብሎ ለፈፈ፡፡ እድርተኛው ጋቢውን ደርቦ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ ሰፈር ውስጥ ወዳለችው ልደታ ሄደ፡፡ እኛ ደግሞ አስከሬኑን ይዘን አራዳ ነበርን፡፡ እነሱ እዚያ ‹‹ምነው ዘገዩ?›› ይላሉ፣ እኛ እዚህ ባዶ አግዳሚ ወንበር እያየን ‹‹ሰው ምነው ቀረብን?›› እንላለን፡፡ ስልክ ተደዋውለው፣ በሁለት ሚኒባስ ተጭነው ሲደርሱ ጸሎቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፡፡ አንድ ሽማግሌ እማዬን አቅፈው፣ ‹‹ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን እድር ስንከፍል የት እንደሚሳለም እንኳ አንጠይቀው!›› ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ፡፡

ቂም አልያዝንም፡፡ ለነገሩ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 0.7 ነው፡፡ አንድ እንኳን አንሞላም፡፡ ካቶሊክን ብዙ ሰው የሚያውቀው በትምህርት ቤቶቹ ነው፤ ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ልደታ ካቴድራል፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ‹‹ካቶሊክ ነኝ›› ስንል ‹‹እ… የት ነው የተማርሽው ማለቴ ሳይሆን ሃይማኖትሽን ነው›› ያለን ልጅ ነበር፡፡

የዛሬ ወሬያችን ግን ስለ ዙረታችን ነው፡፡ ከአባዬ ቀብር በኋላ የያዝነው ልማድ አለን፤ ገንዘብና ጊዜ በተገኘ ቁጥር የቆዩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኖችን እየፈለግን መሳለም፡፡ የቆመም ይሁን የፈረሰ፡፡ የኦርቶዶክስ ጓደኞቻችን ‹‹መንፈሳዊ ጉዞ›› ሲሄዱ ታውቃላችሁ፤ አውቶቡሱ፣ ቲሸርቱ፣ ከበሮው፣ ድምፅ ማጉያው… የእኛ ጉዞ ሁለት ሴት፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ አንድ መቍጠሪያ ነው፡፡ ስንደርስ ሻማ እናበራለን፣ መቍጠሪያው ላይ አንድ ምስጢር እንደግማለን፣ ከዚያ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልገን ‹‹እዚህ ድሮ ምን ነበር?›› ብለን እንጠይቃለን፡፡ የጋዜጠኝነት ትምህርት በዚህ ብቻ ነው እስካሁን በደንብ ያገለገለን፡፡

ልማዱን ያወረሰን አባዬ ነው፡፡ እሱ የእምድብር ልጅ ነው፤ ጉራጌ አገር ካቶሊክ መሆን ማንንም የማያስደንቅበት ቦታ፡፡ (ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እምድብር የራሷ ሀገረ ስብከት አላት፡፡) መስቀል በመጣ ቁጥር ይዞን ይሄዳል፤ ክትፎው ከመቅረቡ በፊት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፡፡ እዚያ ማንም ‹‹የትኛዋ?›› አይለንም፡፡ አዲስ አበባ ስንመለስ እንደገና ጥያቄው ይጀምራል፡፡ ልጆች ሳለን ‹‹ለምን እዚያው አንኖርም?›› ብለን የጠየቅነው ክትፎውን ወድደን ብቻ አልነበረም፡፡

ታዲያላችሁ፣ አባዬ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የገባን ነገር ራሷ አዲስ አበባ ላይ ያለውን ታሪክ እንደማናውቅ ነው፡፡ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ ሕዝቡ አባ ማስያስ ያላቸው ካፑቺን፣ በምኒልክ ዘመን ሸዋ የገቡት በ1868 ነው (ከዚህ በኋላ የታሪክ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልን)፤ ፊንፊኔ ላይ ሚሲዮን ተከሉ፡፡ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ በ1886 ነው፡፡ ማለትም ከተማዋ ሳትኖር ሚሲዮኑ ነበረ! ሰውየው የፈንጣጣ ክትባት እየሰጡ ስለዞሩ ‹‹የፈንጣጣ አባት›› ተብለው ነበር፡፡ 35 ዓመት እዚህ ከለፉ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፡፡ ይሄን ያነበብን ሰሞን በታክሲ ፒያሳ ባለፍን ቁጥር በመስኮት አሻግረን እያየን ‹‹የት ጋ ይሆን?›› እንባባል ነበር፡፡ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ ጥያቄውንም ተውነው፡፡

ሐረርም ሄደናል፡፡ ሐረርን በአጭሩ እንለፈው፤ ሁለት ቀን ቆይተን አንዱን ቀን ሆዳችንን ታመን ነው ያሳለፍነው፡፡ የሄድነው ግን ሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ ብለን ነበር፡፡ ፈረንሳዊ ካፑቺን ናቸው፤ ከ1900 ጀምሮ የሐረር ካቶሊኮች አባት የነበሩ፣ ልጅ ተፈሪን ፈረንሳይኛ ያስተማሩ የሚሲዮኑ ሰዎች አለቃ፡፡ ከአስተማሪዎቹ አንዱ አባ ሳሙኤል ኢትዮጵያዊ ነበሩ፡፡ በ1915 ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ስትሰጥም ተፈሪ ተረፉ፣ አባ ሳሙኤል ሞቱ፡፡ የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት ልጅ ከዚያ ውሃ ባይወጡ የአገሪቱ ታሪክ ምን ይመስል ነበር እያልን፣ የዝንጅብል ሻይ እየጠጣን ተኝተን አሰብን፡፡

ወደ ጎርጎራ እንሂድ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው፡፡

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው፡፡ ለጥምቀት ጎንደር ወጥተን፣ የፋሲለደስን መዋኛ ዙሪያውን ከሞላው ሕዝብ ጋር አድረን፣ በነጋታው የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዘን ወደ ማርያም ግምብ ሄድን፡፡ ማርያም ግምብ ማለት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀስዊቶች ከ1626 ጀምሮ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው፡፡ ድንጋይና ኖራ፡፡ ግማሹ ግድግዳ ወድቋል፣ በወደቀው ላይ ዛፍ በቅሏል፡፡ የቆመው ላይ ግን በአበባ ቅርጽ የተጠረበው ድንጋይ ትናንት የተጠረበ ይመስላል፡፡ ሐይቁ ከታች ይታያል፡፡ ሻማችንን ነፋሱ ሦስት ጊዜ አጠፋብን፤ ትተን መቍጠሪያችንን ደገምን፡፡

ፍርስራሽ እንወዳለን፤ ሰፈራችን ሲፈርስ ያየን ልጆች ነን፡፡ የድሮው ልደታ ቤታችን ለኮንዶሚኒየሙ ሲነሳ አባዬ የበሩን መቀርቀሪያ ነቅሎ ይዞት ሄደ፤ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፡፡ ጎርጎራ ቆመን መጀመሪያ የተሰማን እንዲያ ያለ ነገር ነበር፡፡ የእኛ ነበር፣ ፈረሰ፣ አሳዘነን፡፡

ማታ ማደሪያችን ገብተን ይዘነው የሄድነውን ማንበብ ስንጀምር ግን ሐዘኑ ተበላሸብን፡፡

ታሪኩ ሁለት ሰው ነው፡፡ የመጀመሪያው ፔድሮ ፓኤዝ ናቸው፤ ስፔናዊ፡፡ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጡ ሲሉ መንገድ ላይ ተይዘው የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ የቆዩ፣ ተለቅቀው እንደገና ሞክረው በ1603 የገቡ፡፡ (እኛ አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ስለወረድን ብቻ ጉዞ የሰረዝን ሰዎች ነን፡፡) አማርኛውንም ግዕዙንም ተማሩ፤ በ1618 ከንጉሡ ጋር ግሽ ዓባይ ሄደው የዓባይን ምንጭ አይተው ጻፉ፡፡ የሚያስተምሩት በመከራከር ነበር፤ አፄ ሱስንዮስም በዚህ ሰው ተማርከው ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጹ፡፡ ፓኤዝ በዚያው ዓመት፣ በ1622፣ ጎርጎራ ላይ አረፉ፡፡ እኛ ያየነው ሕንፃ የተሠራው ከሞታቸው በኋላ ነው፡፡

ሁለተኛው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ናቸው፡፡ ፖርቱጋላዊ፤ በ1625 የገቡ፡፡ እሳቸው ደግሞ መከራከር አልወደዱም፡፡ ንጉሡ በእጃቸው ናቸው፤ ለምን ይከራከራሉ? ጾሙ ተለወጠ፣ የበዓሉ አቆጣጠር ተለወጠ፣ የቀዳሚት ሰንበት ተከለከለች፡፡ ካህናቱ ክህነታችሁ አይቆጠርም ተብለው እንደገና እንዲሾሙ፣ ታቦት የነበረበት ቤተ ክርስቲያን እንደገና እንዲባረክ፣ ሕዝቡ… እዚህ ጋ ሁለታችንም ማንበብ አቆምን… ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ ተደረገ፡፡ ቅድመ አያቶቹ ከሺህ ዓመት በላይ ሲጠመቁ የኖሩ ሕዝብ ‹‹ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም›› ተባለ፡፡

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ አመፅ በየአውራጃው፡፡ በ1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ አሸነፉ፤ በአንድ ቀን ስምንት ሺህ ሰው አለቀ ይባላል፣ የገዛ ሕዝባቸው፡፡ ያን ካዩ በኋላ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው አወጁ፤ ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፡፡ ፋሲልም ጀስዊቶቹን አስወጧቸው፡፡ አዎ፣ በስማቸው በሚጠራው መዋኛ ዙሪያ ትናንት ስንዘምር ያደርነው ፋሲል!

ጎርጎራ ላይ ያዘንነው ለማን እንደሆነ ከዚያ ማታ በኋላ እርግጠኛ አልሆንንም፡፡ እኛ ግን አንድ ነገር ታይቶናል፡፡ በዘውድ የገባው ካቶሊክ ጎርጎራ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፡፡ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 ዓድዋ የገቡት ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ በእኛ ‹‹አባ ያዕቆብ››፣ ዘውድ አልነበራቸውም፡፡ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ በእግራቸው እየሄዱ፣ የግዕዙን ሥርዓት ተቀብለው ነው የኖሩት፡፡ ዛሬ እሁድ እሁድ ልደታ (አራዳዋ ልደታ) ቅዳሴው የሚቀደሰው በዚያው በግዕዙ ሥርዓት ነው፡፡ አባ ያዕቆብ በ1975 ቅዱስ ተብለዋል፤ መቃብራቸው ኤርትራ ውስጥ ሄቦ ነው፡፡ በእኛ ዙረት ዝርዝር ላይ ከተጻፈ ቆይቷል፤ ገና አልተሰረዘም፡፡

አሁን ደግሞ ስለ እማዬ እንንገራችሁ፡፡

እማዬ የጎጃም ልጅ ናት፣ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ፡፡ ኦርቶዶክስ ናት፤ አባዬን ያገባችው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ ዛሬ ካቶሊክ የኦርቶዶክስን ጥምቀት ይቀበላል፤ ስለዚህ ማንም ‹‹ተጠመቂ›› አላላትም፡፡ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሰፈር ያለችውን ልደታ፣ እሁድ አንዳንዴ ከአባዬ ጋር አራዳዋን ልደታ ስትሳለም ኖረች፡፡ ከሁለቱም ልደታ ደንበኛ የሆነች በቤታችን እሷ ብቻ ናት፡፡

ግድግዳችን ላይ አባዬ የሰቀለው የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሥዕል አለ፡፡ እኚህ ሰው የጎጃም ሊቅ ናቸው፤ በ1791 የተወለዱ፣ አንድ ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ የማያይ፡፡ የመነኮሱት መርጡለ ማርያም ነው፡፡ ጎንደር አስተምረው፣ በ1841 ከአባ ያዕቆብ ጋር ጳጳስ ለማምጣት ግብፅ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ተጉዘው፣ ሮም ደርሰው ተመለሱ፡፡ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1851 ቀሰሱ፡፡ ከዚያ በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ ታሰሩ፤ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዚያው ዓመት፣ በ1855፣ ሃይማኖታቸውን አልለውጥም እንዳሉ በሰንሰለት ከሠራዊት ጋር እየተጎተቱ ሞቱ፡፡ በ1926 ብፅዕና ታወጀላቸው፡፡

እማዬ ደግሞ ሥዕል የላትም፣ ተረክ ነው ያላት፡፡ ኅዳር 17 ሲደርስ የወለተ ጴጥሮስን ነገር ታነሳለች፡፡ ወለተ ጴጥሮስ የሱስንዮስ ሹም ሚስት ነበረች፤ ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆኑ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ለተዋሕዶ ተሟገተች፣ ተጋዘች፣ ጣና ዳር ማኅበር አቁማ በ1642 አረፈች፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ በካቶሊክነቱ በኦርቶዶክሶች እጅ፣ አንዷ በኦርቶዶክስነቷ በካቶሊክ ንጉሥ እጅ መከራ ያየች፣ ሁለቱም አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ከአንድ ቴሌቪዥን በላይ፡፡ ልጆች ሳለን ሁለቱም ለአንድ ቡድን የሚጫወቱ ይመስለን ነበር፡፡

በ2014 ዓ.ም. እማዬን ይዘን መርጡለ ማርያም ሄድን፡፡ ዓባይን ተሻግረን፣ በደጀን፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፡፡ እማዬ ለዘመድ ነው የሄደችው፤ እኛ ለአባ ገብረ ሚካኤልና ለፍርስራሹ፡፡ በገዳሙ ግቢ ውስጥ አንድ የፈረሰ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ፡፡ መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን የነበረች ናት፤ በግራኝ ዘመን ተቃጥላ በሱስንዮስ ጊዜ ጀስዊቶች እንደገና ሠሯት፡፡ ጌጡ ከጎርጎራም ይበልጣል፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ሐረግና ጽጌረዳ ጥልፍ ነው የሚመስለው፡፡ በነገራችን ላይ ፖርቱጋሎችን መጀመሪያ ‹‹ኑ›› ያሉት እሌኒ ናቸው፤ የሐዲያ ልጅ፣ ከእስልምና ወደ ኦርቶዶክስ የመጡ፡፡ የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፡፡ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እንግዲህ አንዲት ብልህ ሴት ናት፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አላየችም፡፡

ያዞረን ዲያቆን ‹‹ክርስቲያን ናችሁ?›› አለን፡፡ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል፡፡ እማዬ ቀደም ብላ ‹‹የእኔ ልጆች ናቸው›› አለችው፡፡ አልዋሸችም፡፡ ዲያቆኑም ‹‹እሺ›› ብሎ ቀጠለ፡፡ እኛ ነን ያላስቻለን፤ ፍርስራሹ ውስጥ ስንደርስ ታናሿ ‹‹ካቶሊክ ነን›› አለች፡፡ ልጁ ትንሽ ዝም አለ፡፡ ከዚያ ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ ‹‹እንግዲያው ይሄ የእናንተ ዘመዶች ሥራ ነዋ! ጣሪያውን ነበር አጥብቀው መሥራት የነበረባቸው›› አለን፡፡ ሳቅን፡፡ እማዬ ግን አልሳቀችም፤ እሷ ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፡፡ ከፍርስራሹ ሆነን ጀርባዋን አየነው፡፡ በመሃላችን ያለው መንገድ የሃምሳ እርምጃ ያህል ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልሄድንም፡፡ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ከአክስቶቻችን ጋር በስልክ መገናኘት ራሱ ትልቅ ነገር የሆነበት ወቅት ነበር፡፡ ዲያቆኑንም እናስበዋለን፡፡

ይሄን ሁሉ አሁን የምንጽፈው ለምን መሰላችሁ? ከሁለታችን አንዷ፣ ታላቋ፣ ልታገባ ነው፡፡ ሠርጉ ግንቦት መጨረሻ ነው፡፡ ሙሽራው ኦርቶዶክስ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እኛም እንወደዋለን፣ የአባዬን መቃብር ከእኛ በላይ የሚያጸዳ ልጅ ነው፡፡ ቤተሰቡ በተክሊል ይሁን አሉ፡፡ ተክሊል እንዲሆን ደግሞ ሙሽራዋ ትጠመቅ አሉ፡፡ እንደገና፡፡

ታናሿ ተቆጣች፡፡ ‹‹የተጠመቅሽ አይደለሽም ወይ? አባዬ ያስጠመቀሽ ውሃ ምን ሆነ?›› አለች፡፡ ታላቋ መጀመሪያ ዝም አለች፡፡ ከዚያ፣ ‹‹ጎርጎራ ላይ አብረን አይደለም ያነበብነው?›› አለች፤ ‹‹እኛ ነን መጀመሪያ እንዲህ ያልናቸው፡፡››

‹‹እኛ? እኔና አንቺ ነን? ሜንዴዝ አጎታችን ነው?››

‹‹ፍርስራሹ ሲሆን የእኛ፣ ጥፋቱ ሲሆን የሜንዴዝ?››

ሦስት ሳምንት ተኮራረፍን፡፡ አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን ሦስት ሳምንት መኮራረፍ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የኮንዶሚኒየም ልጅ ያውቀዋል፡፡ ታናሿ አሁንም የምትለው አንድ ነው፤ እማዬን ማንም እንደገና ሳያጠምቃት ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖራለች፣ ስለዚህ ይቻላል፡፡ ታላቋ ደግሞ የአራት መቶ ዓመት ነገር በእሷ ሠርግ እንዲፈታ መጠበቅ እንደሰለቻት ትናገራለች፡፡ ልጁን ትወደዋለች፤ ሽማግሌዎቹን መልሳ መላክ አትፈልግም፡፡ ‹‹አንዲት ሴት መሃል ላይ ቆማ ትጠመቅላቸውና ይብቃቸው›› አለች አንድ ማታ፡፡ ይሄኛውን አባባል ‹‹አውጪው›› ብላ ነበር፡፡ አላወጣነውም፡፡

እማዬን ጠየቅናት፡፡ ዳኝነት ነበር የፈለግነው፡፡ እሷ ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ ‹‹የእኔን ጊዜ አባታችሁ ነው እንቢ ያለላችሁ›› አለችን፡፡ እንዴት? ስንላት ነገረችን፤ እኛ እስከዛሬ ሰምተነው አናውቅም፡፡ የአባዬ ዘመዶች እምድብር ላይ ‹‹ቤተ ክርስቲያኑ ባይጠይቃትም ለእኛ ስትል ሃይማኖቷን ትለውጥልን›› ብለው ነበር፡፡ አባዬ፣ ‹‹እሷ ስትጠመቅ እኔ የት ነበርኩና ነው አሁን የምፈትነው?›› ብሎ አንድ መስቀል ሙሉ አገር ቤት ሳይሄድ ቀረ፡፡ ክትፎውን ትቶ! ታላቋ ይሄን ስትሰማ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፡፡ ቆይታ ወጣች፡፡ የወሰነችውን ወስናለች፤ ጥምቀቱ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ነው፡፡ ሙሽራውን ግን ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ የአባ ገብረ ሚካኤል ሥዕል ከእሷ ጋር ይሄዳል፡፡ ልጁ ‹‹ማናቸው?›› አለ፡፡ ‹‹የጎጃም መነኩሴ ናቸው›› አለችው፡፡ ሙሉ ታሪኩን የነገረችው ማግስቱን ነው፤ ‹‹ከቴሌቪዥኑ በላይ ቦታ አለ›› ብሏል፡፡

ይሄን ስንጽፍ ለግንቦት ልደታ ሦስት ቀን ቀርቷል፡፡ እማዬ ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን ገዝታ ጨርሳለች፤ ዘንድሮም ከሕንፃው በታች ከጎረቤቶች ጋር እሳት ይነዳል፡፡ ያለፈው እሁድ ታላቋ ካቶሊክ ሆና የምትሳለምባቸው እሁዶች ጥቂት ስለቀሩ ‹‹ዛሬ ታክሲ አንይዝም›› አለች፡፡ ከልደታ እስከ ልደታ በእግር፡፡ እማዬም ‹‹እኔም አለሁበት›› ብላ ነጠላዋን ለበሰች፡፡ በጠዋት ወጣን፡፡ ተክለ ሃይማኖት ስንደርስ እማዬ ቆማ ከበሩ ተሳለመች፣ ጠበቅናት፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስንደርስ ደግሞ ገብታ ዞራ ካልወጣሁ አለች፡፡ ታላቋ አብራት ገባች፡፡ ታናሿ የቆሎውን ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰዓት ታያለች፤ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ… ቅዳሴ ሊገባብን ነው፣ እነሱ ገና መዞራቸው ነው፡፡